ከኬሞ በኋላ የቀረ ዕጢ ሁሉ ጠባሳ አይደለም፦ በስፋት ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኬሞው ከሠራ ቢላው ለምን?» የሚል ርእስ የያዘ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። የሚናገረው ስለ ወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር ነው፤ በተለይም በሽታው ከዘር ፍሬው አልፎ ወደ ሆድ ወይም ወደ ሳንባ ከተሰራጨ በኋላ ኬሞቴራፒ ወስደው የጨረሱ፣ ነገር ግን በሲቲ ስካን ላይ የዕጢ ቅሪት የሚታይባቸው ወጣቶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይመክራል። ምክሩ ባጭሩ «ተዉት» የሚል ነው። አዳማ ውስጥ የካንሰር ሕሙማንን የምከታተል ሐኪም ነኝ፤ ይህን ምክር አንብበው የቀዶ ሕክምና ቀጠሯቸውን ለመተው የወሰኑ ሰዎች ስለገጠሙኝ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል። ጸሐፊው በክፋት ጽፏል ብዬ አላምንም። ቤተሰብን ከወጪና ከፍርሃት ለማሳረፍ እንደጻፈው ከመስመሮቹ ይነበባል። ሆኖም ምክሩ መዳን የሚችለውን ወጣት ለሞት የሚዳርግ ስሕተት አለበት።

የጽሑፉን ይዘት ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ከኬሞ በኋላ በደም ምርመራ የሚታዩት የዕጢ ጠቋሚዎች፣ ማለትም አልፋ ፊቶፕሮቲን፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች፣ ወደ ጤነኛ መጠን ከተመለሱ ካንሰሩ ሞቷልና በሲቲ የሚታየው ጠባሳ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ጥርጣሬ ካለ ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ጥቂት ዙር ኬሞ ወይም ጨረር መጨመር ይሻላል ይላል። ሦስተኛ፣ ካንሰርን ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይላል። አራተኛ፣ ቀዶ ሕክምናው ወጣቱን መካን ያደርገዋል፣ ወንድነቱንም ያሳጣዋል ይላል። አምስተኛ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በየጊዜው አልትራሳውንድ እየታዩ መጠበቅ ስለሚቻል አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አያስፈልግም ይላል። በመካከሉም ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ያሞግሳል፤ ቀዶ ሕክምናው አደገኛ እንደሆነም ያስጠነቅቃል።

በየተራ ከመመለሴ በፊት ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳውን አንድ ልዩነት ማንሳት አለብኝ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ስሕተቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የዘር ፍሬ ካንሰር በአብዛኛው ከሁለት ወገን አንዱ ነው፤ ሴሚኖማ ወይም ኖን-ሴሚኖማ። በኬሞ የሚታከሙት በተመሳሳይ መድኃኒቶች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድና ሲስፕላቲን በየ21 ቀኑ 3 ወይም 4 ዙር ይሰጣሉ። ከኬሞ በኋላ የሚቀረው ቅሪት አያያዝ ግን በሁለቱ መካከል እጅግ ይለያያል። ጸሐፊው ለሴሚኖማ በአመዛኙ ትክክል የሆነውን ነገር ወስዶ ለሁሉም አውጆታል።

ስለዚህ እርሱ ትክክል የሆነበትን ቦታ አስቀድሜ ልቀበል። ሕመምተኛው ንጹሕ ሴሚኖማ ከሆነና የቀረው ቅሪት ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል እንጂ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ፣ የሚገኝ ከሆነ፣ ኬሞው ካለቀ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የሚደረግ ፔት ስካን (ሕያው ካንሰር መኖሩን የሚጠቁም የምስል ምርመራ) ይረዳል፤ ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ሕመምተኛው በክትትል ብቻ መቆየት ይችላል። ውጤቱ ንጹሕ ባይሆን እንኳ ብዙውን ጊዜ ማሳሳቻ ስለሚሆን ወዲያው ወደ ቢላ አያስሮጥም፤ ምርመራው ይደገማል ወይም ናሙና ይወሰዳል። ሴሚኖማ ከኬሞ በኋላ ከደም ሥሮች ጋር ተጣብቆ ስለሚደርቅ ቀዶ ሕክምናው ለቀዶ ሐኪሙም እጅግ አስቸጋሪ ነው። በኖን-ሴሚኖማም ቢሆን ጠቋሚዎቹ ጤነኛ ሆነው ቅሪቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ በብዙ ማእከላት በክትትል ይያዛል፤ በሽታው የሚመለስባቸውም ከ10 ሰዎች 1 አይሞሉም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የፓቶሎጂው (የዕጢው ሥጋ ምርመራ) ወረቀት «ሴሚኖማ» ቢልም ከሕክምናው በፊት አልፋ ፊቶፕሮቲን ከፍ ብሎ ከነበረ ያ ሰው የሚታከመው እንደ ኖን-ሴሚኖማ ነው። ሴሚኖማ ይህን ፕሮቲን አያመነጭምና በወረቀቱ ያልታየ ሌላ ዓይነት ዕጢ አብሮ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንምጣ፤ ትልቁም እርሱ ነው። ጠቋሚዎቻቸው ጤነኛ የሆኑ፣ ነገር ግን በሆድ ጀርባ የዕጢ ቅሪት ያለባቸው የኖን-ሴሚኖማ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኘው ነገር ለረጅም ዓመታት በብዙ አገሮች ተመዝግቧል። ከ100 ሰዎች ከ40 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ የሚገኘው በእርግጥም የሞተ ሥጋና ጠባሳ ነው። በ40 ገደማ በሚሆኑት ላይ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ይገኛል። ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሕያው ካንሰር ይገኛል። ጸሐፊው «ጠባሳ ነው» ሲል ከግማሽ በማይበልጡት ላይ ልክ ነው፤ በቀሩት ላይ ተሳስቷል። የትኛው ወጣት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ደግሞ ከሥጋው ውጪ የሚናገር ምርመራ እስካሁን የለም። ፔት ስካንም ቴራቶማን ከጠባሳ ስለማይለይ ለኖን-ሴሚኖማ አይመከርም። መርፌ ሰዶ ናሙና መውሰድም አያስተማምንም፤ በአንዱ ጥግ ጠባሳ፣ በሌላው ጥግ ቴራቶማ ሊኖር ስለሚችል መርፌው ያገኘው የገባበትን ቦታ ብቻ ነው።

ታዲያ ቴራቶማ ካለ ጠቋሚዎቹ ለምን ዝም ይላሉ? ጠቋሚዎቹን የሚያመነጩት የተወሰኑ የካንሰር ሕዋሳት ናቸው። ኬሞው እነዚያን ይገድላል፤ ስለዚህ የደሙ ቁጥር ይወርዳል። ቴራቶማ ግን የበሰሉ፣ ቀስ ብለው የሚባዙ ሕዋሳት ስብስብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደም የሚለቀው ጠቋሚ የለውም፤ ኬሞም አይገድለውም። እዚሁ አዳማ የምከታተለው አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ። ከኬሞው በፊት የተነሳውን ሲቲ ከኬሞው በኋላ ካለው ጋር ጎን ለጎን በመብራቱ ላይ ሰቅለን ስናየው፣ ከግራ ኩላሊቱ በታች ዋናውን ደም ቅዳ ተጠግቶ የነበረው ትልቅ ዕጢ ከግማሽ በታች ተኮማትሯል፤ ሦስቱም ጠቋሚዎች ጤነኛ ናቸው። በጽሑፉ መመዘኛ ይህ ልጅ ድኗል። አዲስ አበባ ተልኮ ዕጢው ከወጣ በኋላ የደረሰኝ የፓቶሎጂ ውጤት ግን በፈሳሽ የተሞሉ ከረጢቶች፣ የአንጀት ሽፋን የሚመስል ሥጋና ከመካከሉ የበቀለ የለጋ አጥንት ቁራጭ እንዳለበት ይገልጻል። ቴራቶማ ነበር።

«ገራም ዕጢ ከሆነ ቢቀመጥስ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። በማይክሮስኮፕ ገራም ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ገራም አይደለም። ጠቋሚዎቹ ጤነኛ እንደሆኑ ዕጢው እየፋፋ የሚሄድበት ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1982 በሕክምና ጽሑፍ ተገልጾ የራሱን ስም አግኝቷል። እንዲህ ያለው ዕጢ ሽንት ከኩላሊት የሚወርድበትን ቱቦ ይጫናል፣ አንጀትን ይገፋል፣ ደም ሥሮችን ይከብባል። አንዳንዱም ከዓመታት በኋላ ጠባዩን ለውጦ ሳርኮማ ወይም ሌላ የተለመደው የዘር ፍሬ ካንሰር ኬሞ የማይደፍረው ካንሰር ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ከሚመለሰው በሽታ ብዙው ቴራቶማ የተቀላቀለበት ነው፤ ያን ጊዜ ዋናው ተስፋ ያው የተፈራው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከፊተኛው ግን የከበደ ሆኖ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ኬሞ ወይም ጨረር እንጨምር የሚለው፣ ከላይ በተባለው ብዙውን ተመልሷል። ቴራቶማ ለኬሞም ለጨረርም አይበገርም፤ ጠባሳ ደግሞ መድኃኒት አያስፈልገውም። ከ100 ሰዎች ወደ 85 ለሚሆኑት ተጨማሪው ኬሞ የሚያመጣው ጉዳት ብቻ ነው ማለት ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ሲስፕላቲን ኩላሊትን፣ ጆሮንና የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳል፤ ብሊዮማይሲን ሲበዛ የሳንባን ሥጋ ወደ ጠባሳ ይለውጣል። ጠቋሚዎቹ እንደገና ከፍ እያሉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ በአብዛኛው የሚቀድመው ቢላ ሳይሆን ሁለተኛ መስመር ኬሞ፣ ማለትም የመጀመሪያው ሳይበቃ ሲቀር የሚሰጠው ሌላ ኬሞ፣ ነው፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ግን ጠቋሚያቸው ጤነኛ ስለሆኑት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሲስፕላቲንን ሲያሞግስ የዘለለውን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። ይህ መድኃኒት የተሰራጨ የዘር ፍሬ ካንሰርን ሊፈውስ እንደሚችል ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው ጥናት ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ላሪ አይንሆርን የኬሞ ሐኪም ሲሆኑ ሌላው ጆን ዶኖሁ የቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ሁለቱም በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ነበሩ። በዚያ የመጀመሪያ ጥናት ውስጥ እንኳ ኬሞው አሳንሶት ጨርሶ ያላጠፋው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሲወጣላቸው ከበሽታው የነጹ ሕሙማን ነበሩ። ኬሞውና ቢላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው የሠሩ ናቸው፤ ዛሬ በዚህ በሽታ የሚነገረው ከፍተኛ የመዳን ቁጥርም የሁለቱ ድምር ነው። የአንዱን ውጤት ጠቅሶ ሌላውን መንቀፍ አይቻልም።

ሦስተኛው፣ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው፣ በአገራችን ሥር የሰደደ ፍርሃት ነው፤ በንቀት መታለፍም የለበትም። የባጃጅ ሾፌሩ አባት ጽሑፉን በስልካቸው ይዘው መጥተው፣ «ዶክተር፣ እህቴን ጡቷን በቀደዷት በአራተኛው ወር ነው የቀበርናት። አሁን ደግሞ ልጄን ልቀማ?» አሉኝ። «አባቴ፣ እኅትዎ እብጠቱን ካዩ ስንት ጊዜ ቆይተው ነው ሐኪም ቤት የሄዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዓመት በላይ ደብቃው እንደኖረች፣ በመጨረሻም ቆስሎ ሽታው ሲያስቸግር እንደተናገረች ነገሩኝ። ብዙዎቻችን «ቢላው ገደለው» ብለን የምናስታውሰው ሰው ቢላው ሲደርስበት በሽታው ቀድሞ የተሰራጨበት ሰው ነው። ሞቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለመጣ ቀዶ ሕክምናው ያመጣው ይመስላል።

ይህም ሆኖ በዚህ በሽታ ላይ አባባሉ አንዲት የእውነት ፍሬ አለችው፤ ጸሐፊው ቢያውቃት ኖሮ ጽሑፉ ይጠቅም ነበር። በዘር ፍሬ ላይ ካንሰር ሲጠረጠር የዘር ፍሬው ባለበት ከረጢት በኩል መርፌ መስደድ ወይም ከረጢቱን መቅደድ ስሕተት ነው፤ የዘር ፍሬው መውጣት ያለበት በብሽሽት በኩል ተቀዶ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የዘር ፍሬ በጽንስ ጊዜ የሚፈጠረው ኩላሊት አካባቢ ሲሆን ወደ ታች የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲወርድም የደም ሥሩንና የሊምፍ መሥመሩን (ከሥጋ የሚወጣውን ፈሳሽ ወደ ንፍፊቶች የሚወስደውን) ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ካንሰሩ ሲሰራጭ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በሆድ ጀርባ፣ በዋናው ደም ቅዳና በታላቁ ደም መልስ ዙሪያ ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። የከረጢቱ ቆዳ የሊምፍ መሥመር ግን ወደ ብሽሽት ስለሚሄድ ከረጢቱ ከተቀደደ ለካንሰሩ አዲስ መንገድ ይከፈትለታል። እንግዲህ ጉዳት የሚያመጣው ያለ ቦታው የተደረገ ቀዶ ሕክምና ነው። ከኬሞ በኋላ በሚደረገውም እንዲሁ ነው፤ ጎልቶ የሚታየውን እብጠት ብቻ ለቅሞ መውጣት አይበቃም፤ በዚያ አካባቢ ያሉ ንፍፊቶች በተወሰነላቸው ወሰን ሙሉ በሙሉ መጽዳት አለባቸው። ግማሹን አውጥቶ ግማሹን የተወ ቀዶ ሕክምና በእርግጥም ከጊዜ በኋላ «ተሰራጨ» ያሰኛል።

አራተኛው ነጥብ ወጣቶችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው ነው፤ ብዙዎቹም አፍረው አይጠይቁም። ጽሑፉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ «ወንድነቱን ያጣል» አለ። የመጀመሪያው የወንድ ሆርሞን ነው፤ ይህን የሚያመነጨው የቀረው የዘር ፍሬ ስለሆነ የሆድ ጀርባ ቀዶ ሕክምና አይነካውም። ሁለተኛው የብልት መቆም ነው፤ ይህን የሚያዙት ነርቮች ከዚህ ቀዶ ሕክምና ቦታ ዝቅ ብለው ዳሌ ውስጥ ስለሚገኙ እርሱም በአብዛኛው አይነካም። ሦስተኛው የዘር ፈሳሽ መውጣት ነው፤ እውነተኛው ሥጋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በደም ቅዳው አጠገብ የሚወርዱ ቀጫጭን ነርቮች ከተቆረጡ ወጣቱ በግንኙነት ጊዜ የተለመደው ስሜት ቢኖረውም ፈሳሹ ላይወጣ ወይም ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል። ነርቮቹን ለይቶ የማዳን ዘዴ አለ፤ ዕጢው ትንሽና በአንድ ወገን ከሆነ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ዕጢው ነርቮቹን ከዋጣቸው ግን ላይቻል ይችላል። ይህን ከሕመምተኛው መደበቅ አይገባም። ፈሳሽ ያልወጣለት ሰው ግን መካን ሆነ ማለት አይደለም፤ የዘር ፍሬው ዘር ማምረቱን ይቀጥላልና ዘሩን ከዚያው ወይም ከሽንት ለይቶ በማውጣት በሕክምና እርዳታ መውለድ ይቻላል። በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማእከል እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀምሯል። ለዘር ምርት ይልቁን የሚያሰጋው ጸሐፊው «ይጨመር» ያለው ኬሞ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ዘርን አስቀድሞ ስለማስቀመጥ ምክር መጠየቅ ያለበት ከመጀመሪያው የኬሞ ዙር በፊት ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አደገኛነት ጽሑፉ ያለው አልተጋነነም። ሰዓታት የሚፈጅ፣ በትላልቆቹ ደም ሥሮች መካከል የሚሠራ፣ አንዳንዴም ከዕጢው ጋር ኩላሊት የሚያስወጣ ከባድ ሥራ ነው። ልምድ ባላቸው ማእከላት ከ100 ሕሙማን 1 ገደማ ሊሞት ይችላል። ይህ ግን በሁሉም ቦታ አይሠራ የሚል ድምዳሜ ላይ ያደርሳል እንጂ ጨርሶ አይሠራ ወደሚል አያደርስም።

አምስተኛው ነጥብ የአልትራሳውንድ ክትትል ነው። አልትራሳውንድ እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ዘር ፍሬን ለመመርመር የሚያህለው የለም። የሆድን ጀርባ ሲፈልግ ግን የአንጀት አየር ይጋርደዋል፤ በደም ቅዳው ዙሪያ ያለውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ዕድገት ለመለካት የሚታመነው ሲቲ ነው። ከዚህም በላይ ክትትሉ ዕድገትን ለማየት ከሆነ፣ ማደጉ በታየ ጊዜ የሚደረገው ያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ዕጢው ሰፍቶ የኩላሊት ደም ሥርን ሊከብብ፣ ነርቮቹን የማዳን ዕድልም ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ቅሪቱ የሚወጣው ኬሞው ካለቀ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሰውነቱ ሲያገግምና የደም ሕዋሳቱ ሲመለሱ እንዲሆን የሚመከረው።

ወጪውን በተመለከተ ጸሐፊው ያነሳው ጭንቀት እውነት ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መንገዱም ጥሩ ነው፤ ሰውን የሚያደክመው ግን አልጋ ጠብቆ በዘመድ ቤት መሰንበት፣ ሲቲ እንደገና ተነሳ መባልና ያልተሟላ ወረቀት ይዞ መመለስ ነው። ይህን ጉዞ በማስቀረት ፈንታ ማሳጠር ይቻላል። ሪፈር የሚጻፍለት ሰው ሄዶ እንዳይመለስ ከኬሞ በፊትና በኋላ የተነሳቸውን ሲቲዎች ፊልሙን ወይም ሲዲውን ጭምር፣ የመጀመሪያውን የፓቶሎጂ ውጤት፣ የጠቋሚዎቹን ቁጥር ከነቀናቸው፣ እንዲሁም የትኛውን ኬሞ ስንት ዙር እንደወሰደና መቼ እንደጨረሰ የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ። ሳንባም ላይ ቅሪት ካለ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የሆዱ ስለሆነ የደረት ሲቲውም አብሮ ይሂድ። ኬሞው የተሰጠው የዘር ፍሬው ሳይወጣ ከሆነም ያ በግልጽ ይጻፍ፤ የዘር ፍሬው ውስጥ ኬሞ በደንብ ስለማይገባ እርሱም መውጣት አለበት። ከሁሉ በላይ ብሊዮማይሲን መውሰዱን ራሱ ሕመምተኛው ለማደንዘዣ ባለሙያው በአንደበቱ ይንገር፤ በዚህ መድኃኒት የተነካ ሳንባ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ብዙ ኦክስጅንና ብዙ ፈሳሽ ሲሰጠው ሊጎዳ ስለሚችል ሁለቱም ተመጥነው የሚሰጡት ባለሙያው አስቀድሞ ካወቀ ነው።